የደረት ቀበቶ ለምን ቶሎ ይሞታል? የልብ ምት መለኪያ አያያዝ ለብስክሌተኞች

ገና ከሰፈር ሳትወጡ የልብ ምታችሁ 210 ካሳየ፣ ወይም ዳገት መሀል ትንፋሽ አጥሯችሁ ሳለ ቁጥሩ 68 ላይ ተገትሮ ከቀረ፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሴንሰሩ፣ ማለትም ደረት ቀበቶው ላይ የሚገጠመው የልብ ምት መለኪያ ነው። ባትሪው ይቀየራል። አልስተካከል ሲል ውጭ አገር ላለ ዘመድ ይደወልና ሙሉ ዕቃው እንደ አዲስ ይታዘዛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሴንሰሩ ምንም አልሆነም፤ የታመመው እሱን የተሸከመው ቀበቶ ነው። ቀበቶውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን የቆሸሸ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቀበቶውን እንዴት ማቆየት እንደሚቻል፣ ሲያስቸግርም ጥፋቱ የት እንዳለ እንዴት እንደሚለይ እዩ።

የደረት ቀበቶ የሚያነበው ሐኪም ቤት እንዳለው ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ቆዳ ላይ የሚደርሰው 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ባትሪ ብቻ 3 ቮልት መሆኑን ስታስቡ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ይገባችኋል። ይህ ደቃቅ ነገር አራት መገናኛ ማለፍ አለበት። ከቆዳ ወደ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ደረት ወደሚነካው ጥቁር ወይም ግራጫ ክፍል፤ ከኤሌክትሮዱ በጨርቁ ውስጥ ወደተዘረጋው ቀጭን መስመር፤ ከመስመሩ ሴንሰሩ ወደሚጣበቅበት ብረት ቁልፍ፤ ከቁልፉ ወደ ሴንሰሩ። ኤሌክትሮዱ በአንዳንዱ ቀበቶ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጎማ መሰል ፕላስቲክ ነው፤ በሌላው ብር የተለበጠ ክር ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው መገናኛ እርጥበት ካላገኘ አይሠራም፤ የቀሩትን ሦስቱን ደግሞ እርጥበት ያበላሻቸዋል። ላብ ስትጋልቡ ወዳጅ ነው፣ ከብስክሌት ከወረዳችሁ በኋላ ጠላት። ሲደርቅ ውሃው ይሄድና ጨውና ቅባቱ ይቀራል። ቅባቱ ኤሌክትሮዱን ስስ ሆኖ ይሸፍንና ኤሌክትሪክ ይከለክላል። ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ጨርቁ ደረቅ መስሎ ውስጡ ረጠብ እንዳለ ይቆያል፤ በግራና በቀኝ ቁልፎች መካከልም ድልድይ ይሆናል። ሴንሰሩ ካልተነቀለ ሰው የለበሰው ይመስለዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ባትሪው ይጨርሳል፤ በእርጥቡ ብረት ላይ የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክም ዝገቱን ያፋጥነዋል። ቁልፉ ዙሪያ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ካያችሁ ከዚህ የመጣ ነው።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ

ከሁሉም ቀድሞ ሴንሰሩን ንቀሉ። አነቃቀሉም ወግ አለው፦ ሁለቱን ጎን በአንዴ አትጎትቱ፤ ከቁልፉ ሥር ያለውን ጨርቅ በሌላ እጃችሁ ጣት ያዙና አንዱን ጎን አላቁ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጨርቁ ሳይያዝ የሚነቀል ሴንሰር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ቁልፉን ከውስጥ መስመሩ ይገነጥለዋል። ከውጭ ሲያዩት ደህና መስሎ በድንገት መሥራት የሚያቆም ቀበቶ ብዙ ጊዜ የተቆረጠው እዚያ ጋ ነው።

ከዚያ ቀበቶውን በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁ። ግማሽ ደቂቃ በቧንቧ ሥር ይበቃል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ አንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በቂ ነው። ኤሌክትሮዱንና የቁልፉን ዙሪያ በአውራ ጣት እያሻችሁ ጥቂት ጥቂት አፍስሱበት። ዋናው ነገር ላቡ ሳይደርቅ መድረስ ነው፤ እርጥብ ጨው ወዲያው ይወርዳል፣ ከጨርቁ ጋር የደረቀ ግን ሳሙና ይፈልጋል። ከከተማ ርቃችሁ ከሄዳችሁ ጠርሙሳችሁ ውስጥ የተረፈው ውሃም ያገለግላል፤ ስኳር ያለበት መጠጥ ከሆነ ግን ተዉት።

አትጠምዝዙት። በፎጣ መሀል አድርጉና በመዳፍ ተጫኑ፣ ከዚያ በላስቲኩ በኩል ጥላ ሥር ስቀሉት። ኤሌክትሮዱ ገመድ ላይ ታጥፎ እንዲደርቅ አይደረግም፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚታጠፍ ኤሌክትሮድ እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ቶሎ ያደርቃል፣ ግን ላስቲኩን ይበላል። በተለይ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አልትራቫዮሌቱ ብርቱ ነው። ሴንሰሩን ራሱን በረጠበ ጨርቅ ጥረጉና ቁልፎቹን አድርቁ፤ በአልኮል ግን አትጥረጉት።

ቀበቶን እርጥቡን ከጓንትና ካልሲ ጋር ቦርሳ ውስጥ መተው፣ ወይም በፌስታል ቋጥሮ መኪና ውስጥ ማሳደር፣ ሽታና ሻጋታ የሚጀምርበት መንገድ ነው።

ሳሙና መቼና እንዴት

ማለቅለቅ ጨውን ያወርዳል፣ ቅባትን አያወርድም። መለኪያ ከሚሠሩት ኩባንያዎች ፖላር ኤች 10 ለሚባለው ሞዴሉ ቀበቶ ቢያንስ በየ5 አጠቃቀሙ በ40 ዲግሪ እንዲታጠብ ይመክራል፤ ጋርሚን በየ7 አጠቃቀሙ ይላል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ለሚጋልብ ሰው ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ትሬነር (ብስክሌቱን ባለበት የሚያስነዳ መቆሚያ) ላይ የሚሠራ ሰው ግን ነፋስ ስለሌለው ላቡ ይበዛል፤ እሱ በየሳምንቱ ቢያጥብ ይሻለዋል።

በእጅ ማጠብ ከማሽን ይሻላል ባይ ነኝ፤ ኤሌክትሮዱን እያያችሁ ነው የምታጥቡት። 2 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጉ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ወይም የእጅ ሳሙና ጨምሩ፣ ቀበቶውን እንደሸሚዝ አንገትጌ ሳትፈትጉ በጣት ዳብሱት። ለቁልፉ ዙሪያና ለኤሌክትሮዱ ጠርዝ ያረጀ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ተጠቀሙ። ዘፍዝፎ ማሳደር አያስፈልግም፤ ሙጫውን ያላላዋል። በመጨረሻ አረፋ እስኪጠፋ አለቅልቁ፤ የቀረ ሳሙና ራሱ ቆዳ ያሳክካል፣ ንክኪንም ያበላሻል። ማሽን ከተጠቀማችሁ በመረብ ከረጢት ወይም አፉ በታሰረ ካልሲ ውስጥ ክተቱት፣ መጭመቂያውን አጥፉ፣ ማድረቂያ ውስጥ አታስገቡት።

በረኪና የቀበቶ ቀባሪ ነው። ክሎሪኑ የብሩን ልባጥ ያጠቁረዋል፣ ላስቲኩንም ያደርቀዋል። ነጭ ልብስ የታጠበበት ሳፋ ሳይለቀለቅ ቀበቶ እንኳ አይገባበትም። የልብስ ማለስለሻም እንዲሁ አይሆንም፤ ለስላሳ የሚያደርገው ክሩን በቅባት መሰል ነገር ለብሶ ስለሆነ ኤሌክትሮዱን በገዛ እጃችሁ ትሸፍኑታላችሁ። አዲስ ቀበቶ ከአንድ እጥበት በኋላ መዝለል ከጀመረ መጀመሪያ የምጠይቀው ማለስለሻ መጨመር አለመጨመሩን ነው። መፍትሔውም ሁለት ሦስት ጊዜ በሳሙና ብቻ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ፍል ውሃና ካውያም ከቀበቶ ይራቁ።

ሌላው ቫዝሊንና ሎሽን ነው። ጠዋት ታጥቦ ሰውነትን መቀባት የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ቫዝሊን ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቀበቶው የሚያርፍበትን አራት ጣት ስፋት ዝለሉት። የፀሐይ ክሬምና የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትም እንዲሁ፤ እንዲያውም አንዳንዱ የትንኝ መከላከያ የሴንሰሩን ፕላስቲክ ይጎዳል። ቀበቶው እየፈተገ የሚያስቆጣው ቆዳ ካለ ቅባት ከመቀባት ቀበቶውን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግና በደንብ ማጠብ ይቀድማል።

የጠዋቱ 210

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት፣ በማለዳ ብርድ፣ ብዙ ሰው የሚያማርረው ይህን ነው፦ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ቁጥሩ ሰማይ ይነካል፣ ከዚያ በራሱ ይስተካከላል። ቀበቶው አልተበላሸም። አየሩ ደረቅ ነው፣ ቆዳው ደረቅ ነው፣ ላብ ገና አልወጣም፤ ፖሊስተር ማሊያው ደግሞ በነፋስ እየተርገበገበ ከጨርቁ ጋር ሲፋተግ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ያ ስታቲክ ከልብ ኤሌክትሪክ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ሴንሰሩ እያንዳንዱን ብልጭታ እንደ አንድ ምት ይቆጥረዋል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያላችሁም ክረምት ላይ በሲንተቲክ ጃኬት ሥር የሚገጥማችሁ ይኸው ነው። ቁልቁለት ላይ ዚፕ ከፍቶ መውረድም ያባብሰዋል፤ ሰውነት ሳይለፋ ምቱ 190 ከደረሰ ዚፑን ዝጉና እዩ።

መከላከያው ኤሌክትሮዱን ከመልበሳችሁ በፊት በደንብ ማርጠብ ነው። ጠብታ አይበቃም፤ ሁለቱንም ኤሌክትሮድ ጠርዝ እስከ ጠርዝ አርጥቡ፣ በመካከላቸው ያለውን ግን ደረቅ ተዉት። ውሃ በደረቅ አየር ቶሎ ስለሚተን ለረጅም ማሞቂያ የኢሲጂ ወይም የአልትራሳውንድ ጄል ይሻላል፤ ከፋርማሲ ወይም የሕክምና ዕቃ ከሚሸጥበት ይገኛል፣ በእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ላይ የአተር ፍሬ ያህል ተቀብቶ በጣት ይዳመጣል። ጄል የተጠቀመ ሰው ግን የዚያኑ ቀን ማጠብ ግዴታው ነው፤ የደረቀ ጄል ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ጨው በውሃ በጥብጦ መቀባት ይሠራል፣ ሆኖም ልናወርደው የምንለፋበትን ነገር መልሶ መጫን ስለሆነ አልመክረውም።

አቀማመጡ፦ ከደረት ጡንቻ ሥር፣ ሴንሰሩ መሀል አጥንቱ ላይ። ሴቶች የጡት መያዣው የታችኛው ላስቲክ ቀበቶው ላይ እንዲያርፍ ቢያደርጉ ደህና ይይዘዋል፤ የመያዣው ጌጥ ወይም ብረት ግን ሴንሰሩን እንዳይነካው። ጥብቀቱን ቆማችሁ ሳይሆን መሪ እንደያዘ ሰው ጎንበስ ብላችሁ ለኩ፤ ጎንበስ ሲባል ደረት ይጠባል፣ ቆሞ ልክ የነበረው ቀበቶ ይላላል። ሁለት ጣት በግድ የሚገባ ከሆነ ልክ ነው። የላላ ቀበቶ አስፋልት ላይ ሊሸነግላችሁ ይችላል፤ ኮብልስቶን ላይ ስትገቡ ቁጥሩ ወዲያው መዝለል ይጀምራል። ላስቲኩን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁም የሚወርድ ከሆነ፣ ኤሌክትሮዱ ደህና ቢሆንም ያ ቀበቶ አብቅቷል።

ጥፋቱ የማን ነው?

አንዳች ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ሴንሰሩን ብቻውን ፈትኑት። ከቀበቶው ንቀሉት፣ የሁለት እጃችሁን አውራ ጣት አርጥቡ፣ የግራውን በግራ ቁልፍ፣ የቀኙን በቀኝ ቁልፍ ላይ ጫን አድርጋችሁ ሳትንቀሳቀሱ ተቀመጡ። ልብ በሁለቱ እጆች መካከል ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በዚያም ይደርሳል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የተረጋጋ ቁጥር ስልካችሁ ወይም የብስክሌት ኮምፒውተራችሁ ላይ ከወጣ ሴንሰሩም ባትሪውም ደህና ናቸው፤ ጥፋተኛው ቀበቶው ነው። ቁጥር ካልወጣ ግን ሴንሰሩን ቶሎ አትኮንኑት፣ መጀመሪያ ባትሪውን ቀይራችሁ ድገሙት።

ቀጥሎ ቀበቶውን በቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ማየት ይቻላል። ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ፣ አንዱን ጫፍ ኤሌክትሮዱ ላይ፣ ሌላውን በዚያው ጎን ባለው ቁልፍ ላይ አሳርፉ። ብር የተለበጠ ክር ትንሽ ቁጥር ያሳያል፣ ጎማ መሰሉ ከፍ ያለ፤ ስለዚህ በቁጥሩ መጠን ላይ አትጨነቁ፣ ግራውንና ቀኙን አወዳድሩ። የሚቀራረቡ ከሆነ ደህና ነው። አንዱ ከሌላው በብዙ እጥፍ ከበለጠ፣ ወይም ቀበቶውን ስታጥፉት ቁጥሩ ብቅ ጥልቅ ካለ፣ በዚያ ጎን መስመሩ ተቆርጧል፤ ይህን ማጠብ አያድነውም። በመጨረሻ ከግራ ቁልፍ እስከ ቀኝ ቁልፍ ለኩ። ደረቅ ቀበቶ እዚህ ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ጨርቁ ውስጥ ጨው ቀርቷል፣ መልሳችሁ እጠቡት። የሚወደደው ብልሽት ይኸኛው ነው፣ በሳሙና ይድናልና።

ቁልፉ የዛገ እንደሆነ በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ጀምሩ፤ የቀረውን በእርሳስ ላጲስ አሹት። በቢላ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አትፋቁ፤ ልባጡ ከተነሳ ከበፊቱ ፈጥኖ ይዝጋል። ሴንሰሩ ቁልፉ ላይ እንደልብ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ንክኪው ይቋረጣል። በፒንሳ ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ለጊዜው ይረዳል፣ የሴንሰሩን ጎን ግን በፒንሳ አትንኩ።

አንድ ነገር ለይታችሁ እወቁ። ቁጥሩ መዝለሉና ቁጥሩ መጥፋቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የተሳሳተ ቁጥር ከንክኪ ይመጣል። ሰረዝ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሬዲዮው አልደረሰም። ሴንሰሩ ቁጥሩን የሚልክባቸው ሬዲዮዎች፣ አንት ፕላስም ሆነ ብሉቱዝ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠሩት፤ ይህን ሞገድ የሰው ሰውነት ውስጥ ያለ ውሃ ይውጠዋል። መሪ ላይ ያለ ኮምፒውተር ከደረት ፊት ለፊት ስለሆነ ችግር የለበትም፤ ማሊያው የኋላ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ግን በጀርባችሁ ተከልሏል። ስልክ ብቻ ከሆነ የሚመዘግበው መሪው ላይ እሰሩት።

በሌላ ቀበቶም፣ በጣትም ስትለኩት ያልተለመደው ምት ካልጠፋ፣ በተለይ ከማዞር ወይም ከደረት ሕመም ጋር ከመጣ፣ ያ የዕቃ ጉዳይ አይደለምና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ባትሪ

በስሙ ላይ ያለው ቁጥር ልኩ ነው። ሲአር 2032 ወርዱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ነው፤ ሲአር 2025 ወርዱ ያው 20፣ ውፍረቱ 2.5 ነው። የጋርሚን ሞዴል የሆነው ኤችአርኤም ዱዋል 2032 ይወስዳል፣ ፖላር ኤች 10 ደግሞ 2025። ሰዓት ሠሪው «ያው ነው» ብሎ 2025 በ2032 ቦታ ቢያስገባላችሁ 0.7 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል፤ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ጉድጓድ ላይ ይጠፋል። ማሸጊያው ያልተከፈተውንና የጊዜ ገደቡ የሚነበበውን ግዙ፤ በጠርሙስ ውስጥ ተደባልቀው የሚቀመጡት እርስ በርስ ሲነካኩ ኃይላቸው ያልቃል። አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ መለካት አለበት። ያረጀው ቤት ውስጥ 2.9 አሳይቶ ማለዳ ብርድ ላይ ሊከዳ ይችላል።

የዱዋሉ ክዳን በ4 ትንንሽ ብሎኖች ነው የሚታሰረው፤ ልኩ የሆነ ትንሽ ባለመስቀል ካቻቢቴ ያስፈልገዋል፣ በሚበልጥ ከተፈታ አናቱ ይበላል። የኤች 10 ክዳን በቀበቶው መቆለፊያ ጫፍ ተፈልቅቆ ይከፈታል። ባትሪውን በደረቅ ጨርቅ ያዙ፣ የመደመር ምልክቱን አቅጣጫ እዩ፤ ከዚያ የጎማውን ቀለበት መርምሩ። አንድ የፀጉር ዘለላ ቀለበቱ ሥር ከተያዘች ላብ በዚያ ይገባል፤ ሴንሰሮችን ከምንም በላይ የሚገድለው ይህ ነው። ብሎኖቹን በተራ ሳይሆን በአንጻር አጥብቁ፣ እስኪያዝ ብቻ። አሮጌውን ባትሪ ሕፃናት ከማይደርሱበት አርቁ፤ የተዋጠ የሳንቲም ባትሪ ጉሮሮን በሰዓታት ውስጥ ያቃጥላል፣ ድንገት ከተዋጠ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ፖላር ለኤች 10 ባትሪ 400 ሰዓት ይሰጠዋል፤ በሳምንት 8 ሰዓት ለሚጋልብ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል። ጋርሚን ለዱዋል በቀን 1 ሰዓት ታስቦ እስከ 3.5 ዓመት ይላል። ባትሪያችሁ በወር በሁለት ወር የሚያልቅ ከሆነ ሴንሰሩን እርጥብ ቀበቶ ላይ እየተዋችሁት እንደሆነ ገምቱ።

ቀበቶ ብቻ መግዛት

ቀበቶ እንደ ሰንሰለት ተለዋጭ ዕቃ ነው፤ ሴንሰሩ ብዙ ቀበቶ ያሳልፋል። ስለዚህ ዘመድ ሲጠየቅ «ሙሉውን» ሳይሆን «ቀበቶውን ብቻ» በሉ፤ ዋጋውም ሻንጣውም ይቀላል። የሌላ ኩባንያ ቀበቶ ሊገጥም ይችላል፣ ግን ከማዘዛችሁ በፊት ከአንዱ ቁልፍ መሀል እስከ ሌላው መሀል በማስመሪያ ለኩና ሻጩን ጠይቁ፤ ሁለት ሚሊሜትር ልዩነት እንኳ ጨርቁን እየወጠረ ቁልፉን ይነቅለዋል። የደረት ዙሪያ ልካችሁንም አብራችሁ ላኩ፤ ትልቅ ቁጥር የተገዛ ቀበቶ ላስቲኩ ጥቂት ሲላላ ወዲያው ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ሴንሰሩ ከቀበቶው የማይነቀል ሞዴልም አለ፣ ለምሳሌ ጋርሚን ኤችአርኤም ፕሮ። ያ ዓይነት ጨርቁ ሲያልቅ ሁሉም አብሮ ያልቃልና፣ መለዋወጫ እንደልብ በማይገኝበት አገር ላለ ሰው የሚነቀለውን እመርጥለታለሁ።

በሳምንት ከአራት ቀን በላይ የምትጋልቡ ከሆነ ሁለት ቀበቶ ገዝታችሁ እያፈራረቁ መልበስ ያዋጣል፤ አንዱ ሲለበስ ሌላው በወጉ ይደርቃል። መለያ እንዲሆን አንዱ ላስቲክ ጫፍ ላይ ባለቀለም ክር ስፉበት፤ ቁጥሩ መዝለል ሲጀምር የትኛው እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።